የአርማታ ጥገና በሰሜን ሸዋ፦ ሙያተኞቹን የሚያገናኝ ማኅበር ለምን ያስፈልጋል?

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ባለፉት ሃያ ዓመታት ገጽታዋ በእጅጉ ተለውጧል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ በኋላ የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክና በከተማዋ ዙሪያ የተተከሉት ፋብሪካዎች ሰውንም ገንዘብንም ስበው የድንጋይና የጭቃ ቤት በነበረበት ሰፈር ፎቅ አቁመዋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ በዚሁ ዞን፣ ለሚ ላይ የተገነባው ግዙፍ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። የሲሚንቶ እጥረት ሥራውን ደጋግሞ ሲያቆምበት ለኖረ ገንቢ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ይሁን እንጂ የምንነጋገረው ሁሉ ገና ስለሚሠራው ሕንፃ ነው። ተሠርቶ ስለ ቆመው፣ ኮለኑ (የአርማታ ምሰሶው) ስለ ተሰነጠቀው፣ የሶሌታው (የአርማታ ወለሉ) ሆድ ረግፎ ፌሮው (በአርማታው ውስጥ ያለው ብረት) ስለ ታየው ሕንፃ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ሁለተኛውን ጉዳይ ነው። በእኔ እምነት የጥገና ሥራችን ደካማ የሆነው በገንዘብ ወይም በዕቃ እጥረት ብቻ አይደለም። ጥገናን ራሱን እንደ ቻለ ሙያ ይዞ፣ የተሠራውን የሚመረምርና ከአንዱ ሥራ የተገኘውን ትምህርት ለሌላው የሚያደርስ የሙያ ማኅበር ልማድ በአካባቢያችን ስላልዳበረ ጭምር ነው።

አሁን ያለውን አሠራር እንመልከት። አንድ የሕንፃ ባለቤት በኮለኑ ማዕዘን ላይ ቁመቱን ተከትሎ የወረደ ስንጥቅ ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ለሳኝ ነው። ለሳኙ የላላውን ያራግፋል፣ የታየውን ፌሮ በሽቦ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል፣ አሸዋና ሲሚንቶ አቡክቶ ይለስናል፣ ትንሽ እንደ ደረቀም ቀለም ይቀባል። ሥራው ንጹሕ ይመስላል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይከፍላል። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ስንጥቁ በዚያው መስመር፣ አንዳንዴም ከቀድሞው ሰፋ ብሎ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በለሳኙ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። እርሱ የተጠራው ሊለስን ነው፣ ለስኗል። የጎደለው ከእርሱ በፊት መጥቶ ስንጥቁ ከምን እንደ መጣ መመርመር የነበረበት ሰው ነው።

ስንጥቁ የሚመለስበትን ምክንያት ለመረዳት በአርማታው ውስጥ የሚካሄደውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ አልካላይነቱ እጅግ ከፍ ያለ፣ በፒኤች ልኬት ከ12.5 እስከ 13 ገደማ የሚደርስ አካል ይፈጥራል። በዚህ ውስጥ የተቀበረ ፌሮ በገጹ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የመከላከያ ሽፋን ስለሚይዝ አይዝግም። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአርማታው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየሰረገ አልካላይነቱን ይቀንሰዋል። ልኬቱ ወደ 9 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ሽፋኑ ይጠፋል፤ ፌሮው እርጥበትና ኦክስጅን ካገኘም መዛግ ይጀምራል። ዝገት ደግሞ ከተገኘበት ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚፈልግ አርማታውን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ስንጥቁ በዓይን በታየበት ቀን ዝገቱ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የቆየ ነው። በላዩ ላይ የተቀባ ልስን ዝገቱን አያቆመውም፤ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እያንዳንዱ ፌራዮ (ፌሮ የሚያስረው ሙያተኛ) እና እያንዳንዱ የሕንፃ ባለቤት ቢያውቀው የምመኘው አንድ ነገር አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ ውስጥ የሚገባበት ፍጥነት ከዓመት ዓመት እኩል አይደለም፤ ጥልቀቱ የሚያድገው በጊዜው ስኩዌር ሩት መጠን ነው። ለምሳሌ በአንድ ሕንፃ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ለመግባት 8 ዓመት ከፈጀበት፣ በዚያው አርማታ 20 ሚሊ ሜትር ለመድረስ 32 ዓመት ይፈጅበታል። በሌላ አነጋገር ፌሮውን የሚሸፍነው አርማታ በግማሽ ሲሳሳ፣ ዝገቱ እስኪጀምር ያለው ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስፔሰር (ፌሮውን ከጣውላው የሚያርቀው መደገፊያ) ሳይገባ ጣውላው ላይ ተኝቶ አርማታ የተሞላበት ፌሮ በሙሌቱ ቀን ምንም ጉድለት አይታይበትም። አንዲት ሳንቲ ሜትር ቀረች ተብሎ ሥራ የሚያስቆም ተቆጣጣሪም ብዙ አይደለም። ይሁንና ያቺ ሳንቲ ሜትር ልጆቻችን የሚኖሩበትን ሕንፃ ዕድሜ የምትወስን ናት።

ትክክለኛው ጥገና በመሠረቱ የሚጀምረው ከምርመራ ነው። በመዶሻ እያንኳኩ ድምፁ ባዶ የሚሰጠውን ክፍል መለየት ወጪ አይጠይቅም። አዲስ በተፈለጠ የአርማታ ገጽ ላይ ፊኖልፍታሊን የተባለውን ፈሳሽ መርጨት ደግሞ ምን ያህል ጥልቀት እንደ ተጎዳ በደቂቃዎች ያሳያል፤ አልካላይነቱ ያልጠፋው ክፍል ወደ ሐምራዊ ሮዝ ይለወጣል፣ የጠፋው ቀለም አይዝም። ከዚያ በኋላ የሚጠገነው ቦታ ዳርና ዳሩ ቀጥ ብሎ በማሽን ይቆረጣል፤ ወደ ዳር እየሳሳ የሚያልቅ ልስን ቶሎ ይላቀቃልና። በሚቆረጥበት ጊዜ ግን ምላጩ ፌሮውን እንዳይነካው ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዛገው ፌሮ ፊቱ ብቻ ሳይሆን ዙሪያው ሁሉ እንዲጸዳ፣ አዲሱም ድብልቅ እንዲከበው ከጀርባው 19 ሚሊ ሜትር ያህል ተፈልፍሎ ክፍት ይደረጋል። ለሳኙ የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ጥገናው እንዲጸና የሚያደርገውም ይኸው ደረጃ ነው። አሮጌው ገጽ ውኃ ጠጥቶ እንዲጠግብ፣ ላዩ ላይ ግን ውኃ እንዳይተኛ ከተደረገ በኋላ ድብልቁ ይሞላል፣ ከዚያም በእርጥብ ጆንያና በላስቲክ ተሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀናት እርጥበቱ ይጠበቃል። አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ግድ ነው፤ ሸክም የተሸከመ ኮለን በመሐንዲስ ስሌት ድጋፍ ሳይቆምለት መፈልፈል የለበትም። ጥገና ተብሎ የተጀመረ ሥራ ሕንፃን ሊጥልና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

እንዲያም ተደርጎ ጥገናው በትንሽ ቦታ ብቻ ከተወሰነ ሌላ ችግር ሊከተል ይችላል። አዲሱ ድብልቅ በውስጡ ያለውን ፌሮ ይጠብቃል፤ ያው ፌሮ ከጥገናው ወሰን አልፎ በአሮጌው አርማታ ውስጥ የቀጠለበት ክፍል ግን ጥበቃ የለውም። በሁለቱ መካከል በሚፈጠረው የኤሌክትሮኬሚካል ልዩነት ዝገቱ በጥገናው ዳርቻ ሊፋጠን ይችላል። «ጠግነነው ነበር፣ ጎኑ ላይ ወጣ» የሚባለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። የጥገናውን ወሰን የሚወስነው እንግዲህ ዓይን ያየው ጉዳት ሳይሆን ምርመራው ያሳየው ጉዳት መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ አንድ ለሳኝ ወይም አንድ አነስተኛ ተቋራጭ ብቻውን ተምሮ እንዲደርስበት መጠበቅ አይቻልም። በሌሎች አገሮችም ዕውቀቱ የተስፋፋው ሙያተኞቹ በመደራጀታቸው ነው። በአሜሪካ በ1988 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና በኋላ ዓለም አቀፍ የኮንክሪት ጥገና ኢንስቲትዩት የተባለው ማኅበር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ማኅበሩ ተቋራጮችን፣ መሐንዲሶችን፣ የጥገና ዕቃ አምራቾችንና የሕንፃ ባለቤቶችን በአንድ ላይ ይዟል። ከማዕከላዊው መሥሪያ ቤት ይልቅ ትኩረቴን የሚስቡት ግን ከ30 በላይ የሆኑት የአካባቢ ቅርንጫፎቹ ናቸው። ቅርንጫፎቹ በየከተማቸው በዓመት ውስጥ ደጋግመው ይሰበሰባሉ። አንድ ባለሙያ የሠራውን ሥራ ከነችግሩ ያቀርባል፤ የማሳያ ቀን ይዘጋጅና አርማታ እዚያው ተፈልፍሎ፣ ተጸድቶና ተሞልቶ ይታያል፤ ተማሪዎች የትምህርት ድጋፍ ያገኛሉ፤ በዓመቱ በመልካም ሁኔታ የተጠገኑ ሕንፃዎችና ድልድዮች ይሸለማሉ። የጎልፍ ውድድርና የራት ግብዣም አላቸው፤ እነዚህ የእነርሱ አገር ልማድ ናቸውና እኛን አያሳስቡንም።

ከማኅበሩ ሥራዎች ውስጥ በቀላልነቱ የሚያስገርመኝ የገጽ ሻካራነት መለኪያው ነው። አዲስ ድብልቅ ከአሮጌ አርማታ ጋር እንዲይዝ ገጹ መሻከር እንዳለበት ማንም ያውቃል፤ «ምን ያህል ይሻከር?» የሚለው ግን የዘወትር ጭቅጭቅ ነው። ማኅበሩ ከ1 እስከ 10 ቁጥር የተሰጣቸው፣ እውነተኛውን ገጽ አስመስለው የተቀረጹ የጎማ ናሙናዎች አዘጋጀ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሱ በውሉ ላይ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ሠራተኛው ናሙናውን ከሠራው ገጽ አጠገብ ይዞ በእጁ ይዳስሳል፣ ክርክሩም ያበቃል። ላቦራቶሪ አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም፣ ማንበብ እንኳን አይፈልግም። ሙያተኞች ተሰብስበው በአንድ ነገር ላይ ሲስማሙ የሚገኘው ጥቅም እንዲህ ያለ ነው።

የውጭውን መመሪያ እንዳለ ማምጣት ግን አይበቃም፤ ሰሜን ሸዋ የራሱ ጠባይ አለውና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ ጣርማ በርን በጣሊያን ጊዜ በተሠራው ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር እንኳን አይሞላም። በአንድ ዞን፣ በአንድ ተቋራጭ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ሲሚንቶ የሚሠራ ጥገና በሁለቱ ቦታዎች ፈጽሞ የተለያየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በደጋው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የሲሚንቶው መጠንከር እጅግ ይዘገያል፤ ድብልቁ 3.5 ሜጋ ፓስካል ያህል ጥንካሬ ሳይዝ በውስጡ ያለው ውኃ ወደ በረዶ ከተለወጠ ደግሞ በኋላ የማይስተካከል ጉዳት ይደርስበታል። ጥገና ስስ ስለሆነ እንደ ትልቅ ሙሌት የራሱን ሙቀት አይዝም፤ ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው። በዝግታ የሚጠነክረው የፖዞላና ሲሚንቶ (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት) ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ የተሞላ ጥገና ሌሊቱን ሳይሸፈን ማደር የለበትም፤ ጠዋት መሙላትና ከምሽቱ በፊት በጆንያ፣ በገለባና በሸራ መሸፈን የደብረ ብርሃን ሥራ ሕግ ሊሆን ይገባል። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ ጠላቱ ሌላ ነው፤ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ውኃውን በሰዓታት ውስጥ ከገጹ መጥጠው ድብልቁ ሳይጠነክር ይሰነጥቁታል። እዚያ ማለዳ ወይም ወደ ማታ መሙላትና ወዲያው ማጠጣት ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቁ ሙያተኞች በሁለቱም በኩል እንዳሉ አልጠራጠርም። የደጋው ከቆላው ጋር ተገናኝቶ የሚነጋገርበት መድረክ ግን የለም።

አሸዋም አለ። በአገራችን የሥራ ልማድ ጭቃው ከ6 በመቶ የበለጠ አሸዋ ወይ መታጠብ ወይ መመለስ አለበት። ይህን ለማወቅ አንድ ጠርሙስ፣ ውኃና ጥቂት ሰዓት ይበቃል።

ከዚህ የሚከብደው የመሬቱ ጉዳይ ነው። የዞኑ ምሥራቃዊ ጠርዝ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርደው ገደል ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈራረሰ ሲሆን፣ ወደ አስመራ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ሳይቀር ጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ለወራት ሲደጋገም የቆየው መንቀጥቀጥ፣ በተለይም በታኅሣሥ 26 የደረሰውና መጠኑ 5.7 ገደማ የነበረው፣ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከእንዲህ ዓይነት ጊዜ በኋላ ሰው በግድግዳው ላይ ያየው ስንጥቅ ሁሉ ያስደነግጠዋል፤ መደንገጡም ተገቢ ነው። በብሎኬትና በኮለን መገናኛ ላይ የታየ ቀጭን መስመርና በኮለኑ ራስ ላይ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ግን እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃውን የሚጥል አይደለም፤ ሁለተኛው ነዋሪውን አስወጥቶ መሐንዲስ የሚያስጠራ ነው። ይህን ልዩነት ለሕዝብ የሚያስረዳና በተጠራ ጊዜ ተሰማርቶ የሚያይ የሠለጠነ ቡድን ቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ምድር ከተናወጠች በኋላ የሚቋቋም ቡድን ይዘገያል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ ከተማ ቃጠሎ ላይ የታየውም ይህንኑ ያጠናክራል። እሳት የነካው አርማታ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሞቀ ጥንካሬው መቀነስ ይጀምራል፤ ጥቀርሻውን አጥቦ ቀለም መቀባት ውስጡ የደረሰውን ጉዳት አይነግረንም። በሌላ አገር ባለሙያዎች ወደ ሮዝ የተለወጠ ቀለምን እንደ ምልክት ይከተላሉ፤ የእኛ ጠጠር በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ በመሆኑና ይህ ለውጥ በእንዲህ ዓይነት ድንጋይ ላይ ጎልቶ ስለማይታይ ግን በዓይን ብቻ መተማመን አይቻልም። የአካባቢ ዕውቀት የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነባር ሕንፃን ማሻሻልንም በግንባታ ትርጉም ውስጥ አካትቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 3039 ተቋራጩ ለሥራው ደኅንነትና ለሕንፃው ጽናት ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ሕግ አለን ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጥገና በአብዛኛው በቃል ስምምነት ስለሚሠራ የት ቦታ፣ በምን ጥልቀት፣ በምን ድብልቅ እንደ ተጠገነ የሚያሳይ ወረቀት አይቀርም። ወረቀት በሌለበት ዋስትናን መጠየቅ አይቻልም። በተጨማሪም ቀደም ሲል ባየነው ስሌት መሠረት የሽፋን ጉድለት የሚያስከትለው ዝገት ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው 10 ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ብቻውን ይቀራል። አንድ የአካባቢ ማኅበር ሁለት ገጽ ያልበለጠ የጥገና ውልና የሥራ መዝገብ ናሙና አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ጥቅም ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

በእርግጥ የሚያሰጋም ነገር አለ። በውጭ አገር ቅርንጫፎች ስብሰባዎቹን በገንዘብ ከሚደግፉት መካከል የጥገና ዕቃ አምራቾችና ሻጮች ይገኛሉ፤ በዚህ ምክንያት የቴክኒክ ገለጻው ወደ ማስታወቂያ እንዳያዘነብል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ አቅሙ የሳሳ ማኅበር በአንድ አስመጪ እጅ ቢወድቅ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ባለቤቱ የማያስፈልገውን ውድ ኬሚካል እንዲገዛ ይመከራልና። ሻጮች አባል ይሁኑ፣ ዕቃቸውንም ያሳዩ፤ የተሞላው ጥገና ምን ያህል እንደ ያዘ የሚለካው ግን ሌላ ወገን መሆን አለበት። የአውሮፓ ደረጃ ሸክም ተሸካሚ ለሆነ ጥገና እንደ ደረጃው 1.5 ወይም 2.0 ሜጋ ፓስካል የመያዝ ኃይል ይጠይቃል፤ ይህን የሚለካው የመጎተቻ መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ነው፣ አንዱ ተገዝቶ ለመላው ዞን ሊያገለግል ይችላል። ሲቪል ምሕንድስና የሚያስተምረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ገለልተኛ ሚና ከማንም ይልቅ ይመቻል።

ሌላው ዕንቅፋት ምስጢረኝነት ነው። የከሸፈ ጥገናውን በሰው ፊት ያወጣ ተቋራጭ ቀጣዩን ሥራ እንደሚያጣ ይፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ስለዚህ ስብሰባው የባለቤቱና የሕንፃው ስም የማይነሣበት፣ የተነገረው ለጨረታ ውድድር መሣሪያ የማይሆንበት ሥርዓት ከመጀመሪያው ሊኖረው ይገባል። ሰሜን ሸዋ እድርና ማኅበር ለዘመናት ያቆየ ሕዝብ ያለበት አገር ነው፤ በአንድ ሸንጎ የተነገረን ነገር መጠበቅ ለማንም እንግዳ አይሆንም።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ክረምቱ አልፎ ውርጩ ሳይበረታ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች፣ ለሳኞች፣ ፌራዮዎች፣ ተቋራጮችና የከተማው የሕንፃ ሹም ባለሙያዎች በአንድ ግቢ ተገናኝተው ከአንድ አሮጌ አርማታ ላይ አራት ቦታ ይጠግኑ። አንዱ እንደ ልማዱ ይለሰን፣ አንዱ ከፌሮው ጀርባ ተፈልፍሎ በሥርዓቱ ይሞላ፣ ሦስተኛው በሥርዓቱ ተሞልቶ ሌሊቱን ሳይሸፈን ይደር፣ አራተኛው ተሸፍኖ ለ7 ቀናት ይጠበቅ። በጥር ወር ያው ሰው ሁሉ ተመልሶ አራቱንም በመዶሻ ያንኳኳ፣ በመጎተቻው ይለካ፣ ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ላሉት ሙያተኞች ይላክ። ወጪው ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶና የጥቂት ሰዎች የሥራ ቀን ነው።